አንድ ነጥብ ሁለት

ከራምሌ፣ ከቫዲም ግቢ፣ ተከራክሬ ገዛኋት፤
ነጭ ናት፣ ባለ አራት በር፣ በጎኗ ጭረት አለባት።
ሞተሯ አንድ ነጥብ ሁለት፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣
ወንበሯ የሰው ላብ ያየ፣ ሽታዋ የደረቀ አበባ።

"ዳገት ትችላለች?" አልኩት። ቫዲም ትከሻውን ሰበቀ፤
"አንተ ከቻልክ ትችላለች" ብሎ ቁልፉን ለቀቀ።

ኮፈኗን ከፍቶ አማቼ ባዩ ጎንበስ ብሎ አየና፣
"መኪና ገዛሁ ስትለኝ… ለካ የስፌት መኪና!
በመንገድ ቁጥር አንድ ላይ፣ ሻዓር ሃጋይን አልፈህ፣
ሰው በመቶ አስር ሲበር፣ ልትቀር ነው ተንጠልጥለህ።"

አልመለስኩለትም ያኔ።

ሥራዬ ዓይን ከረም ነው፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
አንሶላ ከምናጥብበት፣ ከእንፋሎትና ከጩኸት።
አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ተሳፍሬ፣
ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ያቃጭላል፤ የራሴ ሹፌር ነኝ ዛሬ።

ሜዳው ላይ ምንም አላለች። ላትሩን ድረስ ዝም ብላ፣
በአምስተኛ ማርሽ ሄደች፣ መቶን ያለ ሮሮ ችላ።
ከዚያ ተራሮቹ መጡ። ጥዱ በሁለት በኩል ተጠጋ፣
መንገዱ አንገቱን ቀና አረገ፤ ልቤ ከመሪው ጋር ሰጋ።

ነዳጅ ሰጠኋት። አትሰማም። ደግሜ፣ አብዝቼ ሰጠኋት፤
ዘጠና ሆነች። ሰማንያ። ሰባ ላይ ስትደርስ ጠላኋት።
ከኋላ ጭነት መኪና፣ ረጅም መብራት አብርቶ፣
እንደ አበዳሪ ቆመብኝ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ።

በዳር፣ በጥዶቹ ግርጌ፣ የድሮ ብረት ለበሶች አሉ፣
ኢየሩሳሌም ሳይደርሱ እዚህ የቀሩ ናቸው ይላሉ፤
የዝገት ቀለም ለብሰው ወደ ላይ ብቻ ያያሉ።
ከጎናቸው ቦታ አለ አልኩ፤ ለአንዲት ነጭ የሚበቃ።
ያኔ ነው የቀኝ እጄ ከእንቅልፉ የነቃ።

ሎድ ውስጥ መንዳት ያስተማረችኝ ሲሞና፣ ድምፀ ሻካራዋ፣
ሱፍ እየቆረጠመች ነበር የምትጮህ በዚያ ጉሮሮዋ፤
"ጆሮህን እንጂ እግርህን አይደለም! ሲያቃስት አትርገጠው፤
አንድ ማርሽ ውረድለት። መውረድ ነው ዳገት የሚያስወጣው።"

ፍሪሲዮን። አራተኛ። ትንሽ አየር ሳበች።
ሦስተኛ።
እንደ ተነካ የንብ ቀፎ አገር ይያዝልኝ አለች!
የዙር መቁጠሪያው አራት ሺህ፤ መርፌው ተንቀጠቀጠ፣
ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ ዳገቱ እጁን ሰጠ።
ጭነት መኪናው ኋላ ቀረ፤ መብራቱ ኩራዝ አከለ፣
ከአበዳሪነቱ ወርዶ የሩቅ ዘመድ መሰለ።

ሰማንያ ነው እንግዲህ። ከዚያ በላይ የላትም፤
በግራ የሚያልፉኝ አለፉ፤ አላሳደድኳቸውም።

ወገራ ሒሳብ ሳስተምር እጄ በጠመኔ ነጣ፤
ዛሬም እጄ ነጭ ነው፤ ከሳሙና ነው የመጣ።
አንድ ማርሽ ወረድኩ ማለት ነው። ወይም ሁለት። ማን ይቆጥራል?
የሦስት ልጅ ጫማ፣ የቤት ኪራይ፣ በዚያው ማርሽ ወጥቷል።

ካስቴል ጫፍ ስደርስ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ወደቀ፤
ያው ማርሽ፣ ያወጣኝ ማርሽ፣ ስወርድም እኔን ጠበቀ።

ከሆስፒታሉ ማቆሚያ፣ ከጥጉ ወስጄ አቆምኳት፤
ማራገቢያዋ ይጮኻል፤ ኮፈኗን በመዳፌ ነካኋት።
እንደ ሮጠ ልጅ ግንባር ነው፤ ትኩስ፣ ግን ደህና።

ባዩ ደወለ። "ወጣች?" "ወጣች።" "በስንተኛ?" "በሦስተኛ።"
ዝም አለ፤ ቁርሱን ያላምጣል፤ አይቸኩልም ያ ሞገደኛ።
"ብቻህን ነህ፤ ንጋት ነው፤ አየሩም ብርድ ነው" አለኝ፤
"በነሐሴ፣ አምስት ሰው ጭነህ፣ ማቀዝቀዣ ከፍተህ አሳየኝ።"

"አምስተኛው አንተ ነህ" አልኩት፤ "ዳገቱ ካየለባት፣
እኔ አንድ ማርሽ እወርዳለሁ፤ አንተ ከመኪናው ውረድላት።"